የራብ ጊዜ ዘር

እ.ኤ.አ. በ1941 መጨረሻ፣ ብርዱ ሲጠና፣ በሌኒንግራድ ከተማ ለአንድ የቢሮ ሠራተኛ ወይም ለአንድ ሕፃን በቀን የሚታደለው ዳቦ 125 ግራም ነበር። በመዳፍ ተይዛ በሦስት ጉርሻ የምታልቅ ቁራሽ ናት፤ እሷም ብትሆን ከዱቄቱ ጋር ብዙ ባዕድ ነገር ተደባልቆባታል። የጀርመን ጦር ከተማዋን ከብቦ እህል እንዳይገባ ዘግቷል፤ ከበባው 872 ቀን ቆየ። በዚያች ከተማ መሀል፣ በቅዱስ ይስሐቅ አደባባይ ዳር፣ ሩዝና ስንዴ፣ ገብስና በቆሎ፣ አተርና ለውዝ በብዙ ቶን የተከማቸበት አንድ ሕንፃ ነበር። የሚጠብቁት የዕፅዋት ተመራማሪዎች ናቸው። እህሉንም እህል አይሉትም፣ ዘር ነው፤ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ አገር ላገር እየዞሩ ከገበሬ ጎተራና ከገበያ የለቀሙት። ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን በበቅሎ ሲዞር የሰበሰበው ስንዴና ገብስም እዚያው ነበር። የሩዙን ክምችት የሚጠብቀው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሺህ በሚቆጠሩ የሩዝ ጥቅሎች መካከል በረሃብ ሞተ። የለውዙ ባለሙያ አሌክሳንደር ሽቹኪን ከሥራ ጠረጴዛው ሳይነሣ ቀረ። ሌሎችም ተከተሉ። ቫቪሎቭ ራሱ በዚያን ጊዜ የስታሊን እስረኛ ነበር፤ በ1943 መጀመሪያ ላይ በሳራቶቭ ወኅኒ ቤት በረሃብ ተጎሳቁሎ አረፈ። የዓለምን ረሃብ አጠፋለሁ ብሎ ዘር ሲሰበስብ የኖረ ሰው አሟሟቱ እንዲህ ሆነ።

ሰውንና ተፈጥሮን በሚዛን የሚያስቀምጡ ምናባዊ ጥያቄዎች የፍልስፍና መምህራን የዘወትር መሣሪያ ናቸው። ቤት እየተቃጠለ ነው፤ በአንደኛው ክፍል ሕፃን አለ፣ በሌላኛው የአንድ ዝርያ የመጨረሻ ጥንድ እንስሳ፤ አንዱን ብቻ ማውጣት ይቻላል። ሕፃኑን የማያወጣ ጤነኛ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ በዚህ ላይ ብዙ ቀለም መጨረስ አያስፈልግም። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ መልስ «እንግዲህ ሰው ይቅደም» የሚል ደንብ ተመዝዞ ወደ ደንና ወደ ግጦሽ፣ ወደ ግድብና ወደ ማዕድን ፈቃድ ሲዞር ነው። በሚቃጠለው ቤት ውስጥ መራጩ ከኪሱ የሚያወጣው የለም። ሆዱ ጠግቧል፣ እሳቱ እሱን አይነካውም፣ ከሁለቱ ሟቾች አንዱም እሱ አይደለም። ሌኒንግራድ ላይ ግን መራጩና ከፋዩ አንድ ሰው ነበር። የእኔ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ልዩነት ነው፦ ለፍጥረት ብዬ የራሴን እንጀራ መተው እችላለሁ፣ አንዳንዴም ይገባኛል፤ ለፍጥረት ብዬ የሌላውን እንጀራ የማስተው ሥልጣን ግን የለኝም። ጥያቄው አንድ ሆኖ መልሱ እንደ ከፋዩ ይለያያል። በዚህ ዙሪያ የሚደረገው ክርክር አብዛኛው ይህን ሳይለይ የሚነጉድ ይመስለኛል።

ምናባዊ ጥያቄ ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ቡልጋሪያ ውስጥ ቫርና ላይ በተካሄደው የዓለም የፍልስፍና ጉባኤ ሪቻርድ ራውትሊ፣ በኋላ ስሙን ሲልቫን ያለው፣ «የመጨረሻው ሰው» የሚባለውን ጥያቄ አቀረበ። የሰው ልጅ አልቆ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። እሱም ከመሞቱ በፊት የተረፈውን ዛፍና እንስሳ ሁሉ ለማጥፋት ይነሣል። ከእሱ በኋላ የሚጠቀም ሰው ስለሌለ ማንንም አይጎዳም። ታዲያ ጥፋት ሠራ ወይስ አልሠራም? አብዛኛው ሰው ጥፋት ሠርቷል ሲል ይፈርዳል፣ ምክንያቱን በትክክል መናገር ቢቸግረውም እንኳ። ራውትሊ ማሳየት የፈለገውም ይህንኑ ነው፦ ዛፉ ለእኛ ከሚሰጠው ጥላና ማገዶ ውጭ የሆነ ክብር አለው። እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ የመጨረሻው ሰው ልጅ የለውም፣ ጎረቤት የለውም፣ ማዳበሪያ በዱቤ የወሰደበት ማኅበር የለውም። ራውትሊ ሚዛኑ ላይ ድንጋይ መኖሩን ነገረን፤ ድንጋዩ ከተራበ ሰው ጋር ሲመዘን ስንት ኪሎ እንደሚሆን ግን አልነገረንም። ሊነግረን አይችልም ነበር፣ የተራበውን ሰው አስቀድሞ ከታሪኩ አውጥቶታልና።

ለሃይማኖት ሰው ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ኢማም አሕመድ በሰበሰቡት የሐዲስ መጽሐፍ ውስጥ፣ ቂያማ ሲደርስ በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክለው ነቢዩ መናገራቸው ተዘግቧል። ከዚያ ችግኝ ፍሬ የሚለቅም፣ ጥላው ሥር የሚያርፍ ማንም አይኖርም። ራውትሊ ጉባኤ ላይ ከማቅረቡ ከሺህ ዓመት በፊት የመጨረሻው ሰው ተጠይቆ መልስ አግኝቷል ማለት ነው። ትእዛዙ ለማን እንደተሰጠ ግን ይታይልኝ፤ ችግኙን በእጁ ለያዘው ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 ደግሞ ከተማ የከበበ ሠራዊት የሚበላ ፍሬ የሚሰጠውን ዛፍ እንዳይቆርጥ ይከለከላል፣ ለምሽግ ሥራ ፍሬ የማይሰጠውን ሊቆርጥ ግን ይፈቀድለታል። ሁለት ምዕራፍ አለፍ ብሎ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን ቢወስድ እናቲቱን እንዲለቅ ታዝዟል። እነዚህ ሕጎች ሰውን አትብላ አይሉትም፤ መውሰድ ፈቅደው የመውሰጃውን ወሰን ያሰምራሉ። ወሰኑ የሚሰመረውም መጥረቢያ በያዘው፣ ጎጆው ላይ በደረሰው፣ በከባቢው እጅ ላይ ነው። በተከበበው ራብተኛ ላይ አይደለም። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሊን ዋይት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው በብዙ የተጠቀሰ ጽሑፍ፣ ሰው ምድርን እንዲገዛ የሚለው የዘፍጥረት ቃል ለተፈጥሮ መጎሳቆል መነሻ ሆኗል ሲል የምዕራቡን ክርስትና ከሷል። የእኛም ሰባኪ ሰውን የፍጥረት ንጉሥ ነው ሲል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ንጉሥነቱን ልቀበል፤ ግብር አስገባሪነት ብቻ የሆነ ንጉሥነት ግን በኦሪቱ ውስጥ አይታየኝም። ያው ዘፍጥረት በሚቀጥለው ምዕራፍ አዳምን ገነትን እንዲያለማና እንዲጠብቅ ያስቀምጠዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ተከራካሪ ልምጣ። ሆልምስ ሮልስተን ፈላስፋም የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰውን ከመመገብ ተፈጥሮን ማዳን የሚቀድምበት ጊዜ አለ ብሎ ብዙዎችን አስቆጣ። ክርክሩ እንዲህ የዋዛ አይደለም። የተራበ ሰው እያለ ዩኒቨርሲቲ እንሠራለን፣ ካቴድራል እናንጻለን፣ ለገና ስጦታ እንገዛለን፤ «መጀመሪያ ሰው ይብላ» የሚለውን ደንብ ማንም ኅብረተሰብ አይኖርበትም። ታዲያ ለሥዕል ሲሆን የተፈቀደው ለነብር ሲሆን ለምን ነውር ይሆናል? የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፣ የሚያሳፍርም እውነት ነው። ስንጥቁ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ለካቴድራሉ የከፈለው ብር ያለው ሰው ነው፣ ለገና ስጦታም እንዲሁ። ለነብሩ የሚከፍለው ግን ፓርኩ ዳር ሣር አጭዶ የሚያድር ድሃ ነው። ሮልስተን ከጠገበው ላይ ያገኘውን ማስረጃ ይዞ ከተራበው ላይ ይፈርዳል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

የሰሜን ተራሮችን ጉዳይ እንየው። ብሔራዊ ፓርክነቱ በሕግ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ አስገባው። ምክንያቱ የፈጠራ ወሬ አልነበረም። ዋልያ በዓለም ላይ ከዚያ ተራራ በስተቀር የትም የለም፤ በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ሰዎች የገብስ እርሻ ቁልቁለት ላይ ነው፣ አፈሩ በየክረምቱ ይታጠባል፣ ከብቱም ከመስኩ አቅም በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፈሩ፣ በሚቀጥለው ዓመት ፓርኩ ከአደጋ መዝገቡ ወጣ። ፈቅደው ነው የወጡት፣ ካሳም ተከፍሏል የሚል መልስ ይሰጣል። ግጦሽህ ይቀነሳል፣ እርሻህ አይሰፋም፣ መንገድና ትምህርት ቤት አትጠብቅ እየተባለ ዓመታት ከኖሩ በኋላ የሚሰጥ ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። ፈረንሳዊው የታሪክ ጸሐፊ ጊዮም ብላን በ2020 ባወጣው መጽሐፉ ይህን ሁሉ አረንጓዴ የለበሰ ቅኝ አገዛዝ ነው ይለዋል። ሙሉ በሙሉ አልከተለውም፤ የዋልያው መመናመን ሐሰት አይደለም፣ አፈሩም ወርዶ ተመልሶ አይወጣም። ሆኖም በአውሮፕላን መጥቶ ሎጅ አድሮ ጭላዳ ፎቶ አንሥቶ የሚመለሰው ቱሪስት ለዋልያው የከፈለው የመግቢያ ዋጋ ነው፣ የግጭ ገበሬ የከፈለው አያቱ የተቀበሩበትን ምድር ነው። ሁለቱም «የሰው ልጅ ለተፈጥሮ ከፈለ» ተብለው በአንድ ዓምድ መደመራቸው ሒሳቡን ያበላሸዋል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ብቻ ይተው ካልን ማንም አይተውም፤ እኔ ያልቆረጥኩትን ዛፍ ጎረቤቴ በማግሥቱ ይቆርጠዋል። ደን በበጎ ፈቃድ አይጠበቅም፣ ሕግ ያስፈልጋል፤ ሕግ ደግሞ የግድ የሌላውን እጅ ይይዛል። ልክ ነው። በ«እኔ»ና በ«ሌላው» መካከል ግን «እኛ» የሚባል አለ፣ ለዚህም ከመንዝ የተሻለ ምስክር አላውቅም። የመንዙ ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ውርጫም አምባ ነው። ስሙን የሰጠው ጓሳው ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለእረኛው ዝናብ መከላከያ ግሳ ይሠራበታል። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም የሚኖሩት በዚሁ ሣር መካከል ነው። የአገሬው ሰው እንደሚለው አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች መሬቱን ተካፍለው፣ «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠበቅ ኖሯል። ሁለቱም ወገን አለቃ ይመርጥ ነበር። ጓሳው ሲዘጋ አንዳንዴ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ማጭድ አይነካውም፣ ከብትም አይገባበትም። ሲከፈት መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ከብቱ ኋላ ይገባል። ድርቅ ከጠና ደግሞ ዝግ የነበረው ለከብት መትረፊያ ይከፈታል። በራብ ጊዜ የሚከፈተው በጥጋቡ ጊዜ ስለተዘጋ ነው። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ፣ ሥርዓቱ በርስት ላይ የቆመ ነበርና ፈረሰ፣ ጓሳውም ተጎዳ፤ የኋላ ኋላ የአካባቢው ገበሬዎች መልሰው በራሳቸው ደንብና በራሳቸው ኮሚቴ ይጠብቁት ጀመር። በግጭና በጓሳ መካከል ያለው ልዩነት አንዱ ጋ ክልከላ መኖሩ ሌላው ጋ አለመኖሩ አይደለም። የጓሳው ክልከላ እንዲያውም የከረረ ነበር። ጓሳ ላይ ከልካዩ በዚያው ክልከላ ቤቱ የሚያፈስበት ሰው ነው።

ጓሳን ጽላት አድርጌ ላቆመው ግን አልፈልግም። የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነው፣ ርስት የሌለው፣ ከሣሩ ድርሻ አልነበረውም፤ «እኛ» ሲባል በር ላይ የሚቀር ሁሌም አለ። ቀበሮውም ስብሰባ ላይ አይቀመጥም፣ ያልተወለደው ልጅም እንዲሁ። ለእነዚህ ማን ይናገርላቸው? መንግሥት ወይም ሳይንቲስት ይናገርላቸው ከተባለ፣ ይናገር፤ የተናገረለት ነገር የሚጠይቀውን ዋጋ ግን ከራሱ ጀምሮ ይቁጠር። ዋልያን ለዓለም ሁሉ የምንጠብቀው ከሆነ ዓለም ሁሉ ለግጭ ገበሬ የሚያዋጣው ትምህርት ቤትና መሬት የት አለ? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ «ለሰው ልጆች ሁሉ ቅርስ» የሚለው ቃል በብድር የተበላ ድግስ ነው።

ለራሴ ክርክር የሚከብደውን ጥያቄ ግን አልመለስኩም፣ ሌኒንግራድ ነው የሚጠይቀኝ። የዘር ጠባቂዎቹ የራሳቸውን ሕይወት ብቻ ነው የሰጡት ማለት ይቻላል? በሕንፃው አጥር ማዶ ሕፃናት እየሞቱ ነበር። የከተማው ሕዝብ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ስለነበር ዘሩ ቢከፋፈል ለአንድ ሰው ከጥቂት ግራም አያልፍም የሚል መከላከያ አለ። ሒሳቡ ልክ ነው፣ አያጽናናም። ለመላው ከተማ አንዲት ጉርሻ የማይሆን እህል ለአንድ መንገድ ልጆች ግን ክረምቱን ማለፊያ ነው፤ እናት ደግሞ በከተማ ልክ አታስብም። እንግዲህ በኔ መለኪያ ኢቫኖቭ ሩዙን ሳይበላ መሞቱ ቅዱስ ተግባር ሲሆን፣ በር ያንኳኳች እናትን መልሶ ቢሆን ኖሮ ያው እጅ፣ ያው ቁልፍ፣ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። የሰው ልጅ ወደፊት ይራባል ብዬ ዛሬ የተራበውን ልጅሽን አልመግብም ለማለት፣ ወደፊት የሚራበው ሰው ውክልና ሰጥቶኝ መሆን አለበት፤ ማንም አልሰጠኝም። ዘሩ በኋላ ስንቱን መገበ ቢባል ይህን አይሽረውም። ከዚያ ስብስብ የወጡ ዝርያዎች ከጦርነቱ በኋላ ለሶቪየት አዝመራ ብዙ ጠቅመዋል። የካሊፎርኒያን ገብስ ከቢጫ አቀጭጭ ቫይረስ የታደገው ባሕርይም ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ነው፤ ያንን ገብስ ለዘመናት እየመረጠ ያቆየው ገበሬ ግን ከካሊፎርኒያ ጓዳ የደረሰው አንዳች የለም። ጥቅሙ እርግጥ መሆኑ ከፋዩን ማን እንደሆነ ከመጠየቅ አያድንም።

ኢቫኖቭ በሩን ይክፈት ማለቴ ከሆነ ዘሩ ያልቅ ነበር፣ ይህንንም አውቃለሁ። ሰው ይቅደም ያልኩበት መልስ ነፃ ማውጫ ወረቀት እንዳልሆነ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የነበረ የወሎ ገበሬ ከፈላስፋ ሁሉ በላይ ያውቀዋል። በዚያ ዓመት ብዙ ቤት ዘሩን በልቷል፣ የእርሻ በሬውን ሸጧል። ዘር የበላ ሰው ኃጢአተኛ አልተባለም። እህል በላሁ ብሎ ግን አያወራም፤ ምጣዱ ላይ ያሰጣው የሚቀጥለው ዓመት መሆኑን፣ አባቱም አያቱም ያቆዩት ማሽላ ከቤቱ ሊጠፋ መሆኑን ያውቃል። በልቶም ከጎረቤት አንድ ቁና ዘር ለመበደር፣ ለመመለስም ይነሣል። ሰውን ሲያስቀድም ዕዳ ገብቷል፣ ዕዳውንም ያውቃል። በየወንዙ ዳር ፋብሪካ ሲከፈት «ሥራ ይቀድማል» የሚሉት ግን ዘር በልተው እህል በላን የሚሉ ናቸው።

በዚያው የረሃብ ወቅት፣ አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዕፅዋት ዘረመል ማዕከል ድርቅ ከመታው አካባቢ የገበሬ ዘር ሳያልቅ ለማትረፍ ተሯሩጧል። መሪው ዶክተር መላኩ ወረደ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት ሳይንቲስት፣ ዘርን ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆልፎ መጠበቅ ብቻውን አላረካቸውም። ዘሩ ወደ ገበሬው ማሳ እንዲመለስ፣ እየተዘራና እየተበላ እንዲጠበቅ አደረጉ። ሌኒንግራድ ላይ ጠባቂውና በሊታው በአንድ በር ግራና ቀኝ ቆመው ነበር። እዚህ ግን ጠባቂዋና በሊታዋ አንዲት ሴት ናት። ማሽላው ሳይታጨድ ማሳው ውስጥ እየዞረች ደህና ደህናውን ዛላ ትመርጣለች፣ አስራም ነቀዝ እንዳይነካው ከምድጃው በላይ ጢስ በሚያገኘው ቦታ ትሰቅለዋለች። የቀረው ይወቃል፣ ይፈጫል። ምሽት ላይ ልጆቿ ከዚያው ምድጃ ዙሪያ እንጀራቸውን ሲበሉ፣ ጥቀርሻ የለበሰው ዛላ ከራሳቸው በላይ ተንጠልጥሏል።